ስዊቱ ይሻላል ወይስ ትንሿ መርከብ?

የጉዞ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ሰላም ናችሁ? በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ክሩዝ፣ ማለትም በመርከብ ስለሚደረግ የመዝናኛ ጉዞ ናቸው። በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት ግን ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ነው። በትልቅ መርከብ ላይ ስዊት (ሰፊውንና ውዱን ክፍል) ልያዝ ወይስ በቅንጡ መርከብ ላይ መደበኛውን ክፍል? የመጀመሪያውን ደብዳቤ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ ሌሎቹም በእሱ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ በመጪው መስከረም የተጋባንበትን 25ኛ ዓመት እናከብራለን። ልጆቻችን አድገው ወጥተዋል። ከባርሴሎና ተነስቶ ሮም ላይ የሚያበቃ የ7 ሌሊት ጉዞ አስበናል። ኤጀንቷ ሁለት ዋጋ ላከችልን። አንዱ ከ4,000 በላይ ሰው በሚይዝ ትልቅ መርከብ ላይ ስዊት ነው፤ ለሁለታችን 9,800 ዶላር። ሌላው 600 ሰው በሚይዝ ቅንጡ መርከብ ላይ ከሁሉም የሚረክሰው ክፍል ነው፤ 12,600። ባለቤቴ "ተጨማሪ ከፍለን ለምን ተራ ክፍል እንገባለን?" ይላል። እኔ መጠጥ አልቀምስም፣ እሱ ከምግብ ጋር ወይን ይወዳል። ምን ትመክሪናለሽ? — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ! 25 ዓመት ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ "ተራ ክፍል" የሚለውን እናጥራ። ሪጀንት፣ ሲልቨርሲ፣ ሲቦርን፣ ኤክስፕሎራ የሚባሉት ቅንጡ ኩባንያዎች ከሁሉ ትንሹን ክፍላቸውን ራሱ "ስዊት" ነው የሚሉት። ስሙን ተዪውና ካሬውን እዪ። አዳዲሶቹ መርከቦቻቸው ላይ ትንሹ ክፍል በረንዳውን ጨምሮ ከ28 እስከ 35 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። ትልቁ መርከብ ላይ ባለ በረንዳ መደበኛ ክፍል 20 ካሬ ገደማ ይሆናል። እውነተኛ ስዊት ከሆነ ግን 40 ካሬንም ያልፋል። ስለዚህ ክፍል ለክፍል ካወዳደራችሁ ባለቤትሽ ልክ ነው። ስዊቱ ይሰፋል፣ ሳሎኑ ይለያል፣ መታጠቢያ ቤቱም ያምራል።

ነገሩ የሚለወጠው በሩን ከፍታችሁ ስትወጡ ነው።

ሁለቱንም ዓይነት ጉዞ ሄጄበታለሁ። ትልቁ መርከብ ላይ የነበረን ስዊት እስካሁን ያየሁት ምርጥ የመርከብ ክፍል ነው። አንድ ምሽት ግን ትርዒቱ አልቆ ከቲያትሩ ስንወጣ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አብሮን ወጣ። ስድስት ሊፍት አለ፣ ስድስቱም ጢም ብለው ይመጣሉ። አራት ጊዜ ተከፈተ፣ አራት ጊዜ ተዘጋ። በመጨረሻ ጫማዬን በእጄ ይዤ ስምንት ፎቅ በደረጃ ወጣሁ። ያ ሁሉ የከፈልኩበት ስዊት ከላይ ሆኖ እየጠበቀኝ፣ እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ። ትንሹ መርከብ ላይ ደግሞ ክፍላችን ጠበብ ያለ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ቁርስ ልበላ ስቀመጥ አስተናጋጁ ሳልጠይቀው ሻይ ከዝንጅብል ጋር አምጥቶ አስቀመጠልኝ። በመጀመሪያው ቀን ያዘዝኩትን ይዞት ነበር። እስከ መጨረሻው ቀን አንድም ጊዜ አልተሰለፍኩም።

ይሄ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ከቁጥሩ የሚመጣ ነው። በ2024 ሥራ የጀመረው የሮያል ካሪቢያን አይከን ኦፍ ዘ ሲስ 248,663 ግሮስ ቶን ነው። በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ቢገባ 5,610 መንገደኛ ይይዛል። ግሮስ ቶን ክብደት እንዳይመስልሽ፤ የመርከቡ ውስጥ ስፋት መለኪያ ነው። ለአንድ ሰው ሲካፈል 44 ይደርሰዋል። የሪጀንቱ ሰቨን ሲስ ስፕሌንደር ወደ 55,000 ግሮስ ቶን ሆኖ የሚይዘው 750 ሰው ገደማ ነው፤ ለአንድ ሰው ከ70 በላይ ይደርሳል። ሠራተኛም እንዲሁ ነው። አይከን ላይ 2,350 ሠራተኛ አለ፣ ለአንዱ ከሁለት በላይ መንገደኛ ይደርሰዋል። ስፕሌንደር ላይ ግን አንድ ተኩልም አይሞላም። ሻይሽን የሚያስታውስልሽ ሰው የሚገኘው ከዚህ ነው።

ሌላም አለ። ትልቁ መርከብ ላይ የስዊት ጥቅም በካርድ የሚከፈት በር ነው። ካርድሽ ቀለሙ ይለያል፣ ለብቻ ምግብ ቤት ያስገባሻል፣ ወረፋ ያሳልፍሻል፤ ከዚያ በር ሲወጡ ግን መርከቡ የሁሉም ነው። ትንሹ ላይ ርካሹን ክፍል የያዘችውና የላይኛውን ትልቅ ስዊት የያዘችው ሴት አንድ ምግብ ቤት ገብተው አንድ ዓይነት ምግብ ይበላሉ። እኔ በግሌ ለዚህ ነው የምከፍለው።

አንድ ነገር ግን ኤጀንቷን ጠይቂልኝ። የተላከላችሁ ስዊት ለብቻው በታጠረ ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ከሌሎቹ ክፍሎች መሀል? የኖርዌጂያን "ሄቨን"፣ የኤምኤስሲ "ያት ክለብ" እና የሴሌብሪቲ "ሪትሪት" መርከብ ውስጥ ያለ ሌላ ትንሽ መርከብ ማለት ናቸው። ያት ክለብ በ2008 ፋንታዚያ በምትባለው መርከብ ላይ ነው የተጀመረው። የራሳቸው ምግብ ቤት፣ የራሳቸው ላውንጅና ፀሐይ መሞቂያ፣ የሚያስተናግድ ሰው አላቸው። እንደዚህ ከሆነ ሰልፉን ግማሹን ትገላገላላችሁ፣ ዋጋውም ያስኬዳል። እንዲያው ሰፊ ክፍል ብቻ ከሆነ ግን አላምንበትም።

አሁን ወደ ብሩ። ወረቀት አምጪና አብረን እንጻፈው። የትልቁ መርከብ 9,800 መነሻ ነው። ቲፕ ለስዊት በቀን በሰው 25 ዶላር ብንይዝ 350። ዋይፋይ ካልጨመሩላችሁ በቀን በሰው በ20 ሂሳብ 280። ሁለት ምሽት ተጨማሪ በሚከፈልበት ምግብ ቤት ብትበሉ፣ በሰው 60 ብለን 240። አራት ወደብ ላይ ጉብኝት፣ በሰው 100 ብንል 800። ድምሩ 11,470 መጣ። የመጠጥ ፓኬጅ ለሁለታችሁም በቀን በሰው በ90 ከተጨመረ ደግሞ 1,260 ይገባና 12,730 ይሆናል። ልብ በይ፣ አንዳንድ ኩባንያ አንድ ክፍል ውስጥ አንዱ አዋቂ ፓኬጁን ከገዛ ሌላውም ይግዛ ይላል። አንቺ ሳትጠጪ ትከፍያለሽ ማለት ነው። ባለቤትሽ ከእራት ጋር አንድ ብርጭቆ ወይን ከሆነ የሚፈልገው በብርጭቆ ይክፈል፣ ፓኬጁን ተዉት።

ቅንጡው ላይ ቲፑም፣ ዋይፋዩም፣ መጠጡም ብዙውን ጊዜ ውስጡ ነው። ጉብኝቱን ሪጀንት ያካትታል፣ ሌሎቹ ላይ ግን እንደ ኩባንያውና እንደ ቲኬቱ ዓይነት ይለያያል። የእናንተ አያካትትም ብለን 800 ብንጨምርበት 13,400። እንግዲህ ልዩነቱ ኤጀንቷ የላከችው 2,800 ሳይሆን ፓኬጁን ከገዛችሁ 670፣ ካልገዛችሁ 1,930 ነው። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ሰው ለማይጠጣበት ቤተሰብ አስቀድሞ የተከፈለ መጠጥ ትልቅ ጥቅም አይደለም፤ በዚህ በኩል ትልቁ መርከብ ይበልጣል። ሁለቱም ዋጋ ላይ ደግሞ "ሮም" የሚለው ወደብ ቺቪታቬኪያ ነው፣ ከከተማው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የትራንስፖርቱን ለብቻ ያዙ።

ስለ ወደብ ካነሳን አይቀር። ትልቁ መርከብ የሚቆመው ትልቅ ወደብ ላይ ነው። "ፍሎረንስ" ተብሎ ሊቮርኖ ያወርዳችኋል፣ ከዚያ ከአንድ ሰዓት በላይ አውቶቡስ አለ። ትንሹ መርከብ እንደ ፖርቶፊኖና ሴንት ትሮፔ ያሉ ቦታዎች ፊት ለፊት ባሕር ላይ ቆሞ በትንንሽ ጀልባ ያደርሳችኋል። 600 ሰው በጀልባ ማውረድና 4,000 ሰው ማውረድ አንድ አይደለም። የሁለቱንም የወደብ ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጪና ከመርከብ ወርዳችሁ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ ቁጠሪ። ጉዞው የሚታወሰው በዚያ ነው።

የእኔ ምክር፦ ትንሿ መርከብ። ለሁለት ሰው፣ ለ25ኛ ዓመት፣ ሜዲትራንያን ላይ፣ ያለ ልጅ፣ አላመነታም። ባለቤትሽ ማታ ማታ ትልቅ ትርዒት፣ ካዚኖ፣ እስከ ሌሊት ጭፈራ የሚወድ ከሆነ ብቻ መልሴን እቀይራለሁ፤ ትንንሾቹ መርከቦች ማታ ቶሎ ጸጥ ይላሉ። ይሄን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት።

በነገራችን ላይ ብዙዎቹ ቅንጡ ኩባንያዎች የትልልቆቹ ኩባንያዎች ቤት ልጆች ናቸው። ሲልቨርሲ የሮያል ካሪቢያን ግሩፕ ነው፣ ሲቦርን የካርኒቫል ኮርፖሬሽን፣ ሪጀንት የኖርዌጂያን፣ ኤክስፕሎራ የኤምኤስሲ። ከዚህ በፊት በአንዱ ሄዳችሁ ከነበረ እህት ኩባንያው የሚያደርግላችሁ ቅናሽ እንዳለ ኤጀንቷን ጠይቂ።

ሰላም። በነሐሴ ከሲያትል ተነስተን አላስካ መሄድ አስበናል። ባለቤቴ፣ የ9 እና የ6 ዓመት ልጆቻችን፣ እናቴ። ለእናቴ ምቾት ብዬ ቅንጡ መርከብ ፈልጌ ነበር፣ ዋጋው ግን ለአምስት ሰው የማይቀመስ ነው። ስዊት ይሻላል? እናቴ ፍልሰታን ትጾማለች። ግሪን ካርድ አላት፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርቷ ግን ጊዜው አልፏል። ችግር አለው? — ከሲያትል

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ አስቸኳዩ እሱ ነው። ከሲያትል ደርሶ መልስ የሚሄዱት የአላስካ መርከቦች ካናዳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቪክቶሪያ ይቆማሉ። የአሜሪካ ሕግ የውጭ ባንዲራ ያላት መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ተነስታ ወደ አሜሪካ ወደብ ስትመለስ መሀል ላይ የውጭ ወደብ እንድትነካ ያስገድዳል። ካናዳ ደግሞ ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ (በፈረንጅ አቆጣጠር) የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከካርዱ ጋር ጊዜው ያላለፈ የአገሩን ፓስፖርት እንዲይዝ ትጠይቃለች። ግሪን ካርድ ብቻውን አይበቃም። እናትህን ወደቡ ላይ ቢመልሷቸው የምታደርገው ነገር የለም። ዛሬውኑ የፓስፖርት እድሳቱን ጀምርላቸው፣ ቲኬቱን ከዚያ በኋላ ቁረጥ።

ወደ ክፍሉ ስንመጣ፣ ቅንጡ መርከብ ለእናንተ አይሆንም። የዋጋው ጉዳይ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ክፍላቸው ለሁለት፣ ቢበዛ ለሦስት ሰው ነው፤ ልጆችም ይሰለቻሉ። ቫይኪንግ የሚባለው ኩባንያ እንዲያውም ከ18 ዓመት በታች አይቀበልም። ትልቁ መርከብ ላይ የልጆች ክለብ አለ፣ ገንዳ አለ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስተኛና አራተኛ ሰው ሲጨመር ለእነሱ የሚከፈለው ዋጋ ይቀንሳል።

የግድ ስዊት ይሁን ካላችሁ ኖርዌጂያን በብዙ መርከቦቹ ሄቨን ውስጥ ባለ ሁለት መኝታና ባለ ሁለት መታጠቢያ ክፍል አለው፣ እስከ 6 ሰው ይይዛል። ግሩም ነው። እኔ ግን አንተን ብሆን እሱንም እተወው ነበር። መርከቡ መሀል ላይ፣ ዝቅ ባለ ፎቅ፣ በውስጥ በር የሚገናኙ ሁለት ባለ በረንዳ ክፍሎች ያዝ። አንደኛ፣ ሁለት መታጠቢያ ቤት ታገኛለህ። ሁለተኛ፣ እናትህ ከአንደኛው ልጅ ጋር ሆነው በጊዜ ይተኛሉ። ሦስተኛው ዋናው ነው፤ ስዊቶች አብዛኛውን ጊዜ ከላይ፣ ወይ ከፊት ወይ ከኋላ ናቸው፣ መርከብ ሲናወጥ ደግሞ የሚብሰው እዚያ ነው። ከሲያትል የሚነሱት ብዙዎቹ መርከቦች በቫንኩቨር ደሴት ምዕራብ በኩል በውቅያኖሱ ነው የሚያልፉት፤ እዚያ ማዕበል አለ። ባሕር ለማያውቁ እናት መሀልና ዝቅ ያለው ክፍል ከየትኛውም ስዊት ይበልጥባቸዋል። የተረፈውን ብር ጁኖ ላይ የሜንደንሆል የበረዶ ግግርን ለማሳየት አውለው።

ጾሙን በተመለከተ፣ ስትይዝ "ቪጋን" ብለህ አስመዝግብ። "ቬጀቴሪያን" ካልክ ቅቤና እንቁላል ይመጣል። የመጀመሪያው ማታ ዋናውን አስተናጋጅ ጥራና ራስህ አስረዳው፤ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ዓሣም የማይበሉ ከሆነ ዓሣ የለም። በማግስቱ የሚበሉትን ማታውኑ ያሳይሃል። ፍልሰታ ከነሐሴ 7 እስከ 21 ነው በፈረንጁ፤ እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ አይጨነቁ፣ ቡፌው ከሰዓት በኋላም የሚበላ ነገር አያጣም። ሩዝ፣ ምስር፣ ሰላጣ፣ ፍራፍሬ ሞልቷል። ሱባዔው እንዳይቀርባቸው የሚሰጉ ከሆነ ግን ጉዞውን ወደ ነሐሴ መጨረሻ ግፋው። እሳቸውን ጠይቃቸው።

"ጁኒየር ስዊት" የሚል በጥሩ ቅናሽ አገኘሁ። ያው ስዊት አይደል? — ከአትላንታ

አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ጁኒየር ስዊት ሰፋ ያለ ባለ በረንዳ ክፍል ነው፣ ሳሎንና መኝታው በግድግዳ አይለይም። የስዊት ሰዎች የሚያገኙትን ላውንጅ፣ የተለየ ምግብ ቤትና አገልግሎት ወይ ጨርሶ አይሰጥም ወይ ጥቂቱን ብቻ ይሰጣል። ሮያል ካሪቢያን በትልልቆቹ መርከቦቹ ላይ ስዊቶቹን ስታር፣ ስካይ እና ሲ ብሎ በሦስት ይከፍላል፤ ጁኒየር ስዊት ያለው ታችኛው ላይ ነው። ዋጋው ከባለ በረንዳው ብዙም ካልራቀ ለስፋቱ ብለሽ ያዥው። ለክብሩ ብለሽ ከሆነ ግን አታገኚውም። ከመክፈልሽ በፊት "ይሄ ክፍል ምን ምን ያስገባኛል?" ብለሽ በጽሑፍ አስመልሺ።

ብቻዬን ነው የምጓዘው። ለራሴ አንድ ጊዜ ጥሩ ነገር ላድርግ ብዬ ነው፣ ግን የሁለት ሰው ሂሳብ ይጠይቁኛል። — ከፍራንክፈርት

አዎ እህቴ፣ ዋጋው በሁለት ሰው ተሠርቶ ስለሚወጣ ብቻውን የሚሄድ ብዙ ጊዜ እጥፍ ይከፍላል። ስዊት ብቻሽን መያዝ ስለዚህ በጣም ውድ ነው፤ ልብሽ ካልፈለገው አልመክርም። ቅንጡዎቹ ግን ክፍሉ አልሞላ ሲላቸው በተወሰኑ ጉዞዎች ላይ ለብቸኛ መንገደኛ የሚጨምሩትን ከእጥፍ በታች ያወርዳሉ። ኤጀንትሽ ያንን ብቻ ለይታ ትፈልግልሽ፣ ቀኑን አንቺ ለእሱ አስተካክዪ። ትንሽ ብር ካለሽ ደግሞ ኖርዌጂያን ከ2010 ጀምሮ፣ ኤፒክ ከምትባለው መርከብ አንስቶ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠሩ "ስቱዲዮ" ክፍሎች አሉት። ጠባብ ናቸው፣ መስኮታቸውም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባሕር አይደለም፣ ግን ብቻቸውን የሚጓዙ ሰዎች የሚገናኙበት የጋራ ላውንጅ አላቸው። ብቻዋን እራት መብላት ለሚከብዳት ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ለአንቺ ግን፣ "ለራሴ አንድ ጊዜ" ካልሽ፣ ትንሿን መርከብ ነው የምመኝልሽ። ሦስተኛው ቀን ላይ ስምሽን ያውቁታል።

ስዊት ከያዝን በረንዳው ላይ ቡና ማፍላት እንችላለን? — ከዳላስ

ጀበናና ዕጣን በልባችሁ መያዛችሁ ገብቶኛል፤ እኔም ያለ ቡና ቀኔ አይጀምርም። ግን አይቻልም። ከሰል፣ ዕጣን፣ ሻማ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ቡና ማፍያ ራሱ የተከለከለ ነው፤ ስዊትም ይሁን ቅንጡ መርከብ ለውጥ የለውም። መርከብ ላይ እሳት ከሁሉ የሚፈራ ነገር ነው። ቦርሳችሁ ሲፈተሽ ካገኙት ወስደው እስከ ጉዞው መጨረሻ ያስቀምጡታል።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ቡናውን ቤት ቆልቼ አልወስድም፤ የታሸገ፣ ከሱቅ የተገዛ፣ የተፈጨ የይርጋጨፌ ቡና እይዛለሁ። እሳት የማይፈልግ፣ በእጅ የሚጫን ማጥለያም አለኝ። ጠዋት የፈላ ውኃ በቴርሞስ አስመጣለሁ። ስዊት ውስጥና ቅንጡ መርከብ ላይ ይሄን ያለ ክፍያ ያመጡላችኋል፣ መደበኛ ክፍል ከሆናችሁ ከቡፌው ራሳችሁ ትቀዳላችሁ። ሲኒ ግን ከቤት ያዙ፣ የእነሱ ኩባያ ትልቅ ነው። ሲኒውን በካልሲ ጠቅልላችሁ ጫማ ውስጥ ክተቱት፣ እኔ ጋ እስካሁን አንድም አልተሰበረም።